ስለ እንጨት መቦርቦሪያ መኪና፤ የጥልቀቱን ልክ አስቀድሞ ስለ መወሰን

በዚህ ዓምድ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ልጆች አስተዳደግ ልዩ ልዩ ነገር ስንጽፍ ቈይተናል። ዛሬ ደግሞ በየቤቱ እየገባ ስላለ አንድ የእጅ መኪና ልንጽፍ ወደናል። ይኸውም በእጅ ተይዞ እንጨትን የሚቦረቡር፣ ቦይ የሚያወጣ፣ የሣጥንና የጠረጴዛ ጠርዝም የሚያስጌጥ የኤሌክትሪክ መኪና ነው። ፈረንጆች ራውተር ይሉታል። ነገር ግን ዛሬ በከተማ ራውተር ሲባል ብዙው ሰው የሚያስበው ኢንተርኔት የሚያድለውን ሣጥን ስለ ሆነ፣ ነገሩ እንዳይምታታ በዚህ ጽሑፍ መቦርቦሪያ መኪና ብለን ጠርተነዋል።

ስለዚህ መኪና የሚነገረው ብዙ ነው። እኛ ግን የመረጥነው አንዱን ብቻ ነው፤ ይኸውም የመቍረጡን ጥልቀት አስቀድሞ መወሰን ነው። ከእንጨት ላይ የተነሣ ነገር ተመልሶ አይገባምና፣ ሥራው የሚቃናውም የሚበላሸውም መኪናው ገና ድምፁን ሳያሰማ ነው።

ምናልባት ከአንባቢዎቻችን አንዱ «ይህ የአናጢ ነገር ነው፤ በጽሕፈት ቤት ለሚውል ሰው ምን ይረባዋል?» ይል ይሆናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን በሥራቸው ምክንያት መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ ማስነገራቸውን የሚያስታውስ ሰው ግን እንዲህ ብሎ አይጠይቅም። ከዚህም በቀር፣ በዕረፍት ቀኑ በገዛ እጁ መደርደሪያና ሣጥን የሚሠራ ሰው ዛሬ እየበዛ ሄዷል። በእጁ የማይሠራውም ቢሆን ሠርተህ አምጣ ብሎ ያዝዛል፤ የሚያዝዝ ሰው ደግሞ የሥራውን ልክ ካላወቀ መልካሙን ከክፉው ለይቶ መቀበል አይችልም።

የጥልቀት ነገር ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። በቤተ ክህነት ትምህርት ያለፉ ሰዎች የብራናን አሠራር ያውቁታል። ቆዳው ተወጥሮ ሲፋቅ ፋቂው እጁን ጥቂት ያጠበቀ እንደ ሆነ ይበሳል። ቀዳዳው አንዳንድ ጊዜ ይሰፋል፤ አንዳንድ ጊዜም እንዲሁ ይቀርና ጸሓፊው ቃሉን ወዲያና ወዲህ ከፍሎ ይጽፍበታል። የቈዩ መጻሕፍትን የገለጠ ሰው እንዲህ ያለውን ቀዳዳ ሳያይ አይቀርም፤ የአንዲት ደቂቃ ችኰላ ከመቶ ዓመት በኋላም ይታያል። እንደዚሁም በአንዳንድ የብራና መጽሐፍ ገበታ ውስጥ ትንሽ መስተዋት የገባበት ስርጕድ ይገኛል። ያን ገበታ ያበጀው ባለ እጅ ስርጕዱን ቢያሳንሰው መስተዋቱ ብቅ ብሎ ቅጠሉን በጐዳ ነበር፤ ቢያበዛው ደግሞ ገበታው ተበስቶ ድካሙ ሁሉ በከንቱ በቀረ ነበር። ዛሬ በመኪና የሚሠራውም ሥራ ፍጥነቱ ይለያይ እንጂ ሕጉ ያው ነው።

ይህ መኪና ከመምጣቱ አስቀድሞ አናጢዎች ቦይን የሚያወጡት በመሮና በእጅ በሚገፋ የቦይ መላጊያ ነበር። በአሜሪካ አገር ካርተር የተባለ ሰው በኤሌክትሪክ የሚሠራ የእጅ መቦርቦሪያ እያበጀ መሸጥ ጀመረ፤ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1929 ዓመት ስታንሊ የተባለው የመሣሪያ ኩባንያ ድርጅቱን ገዛው። ዛሬ በገበያ የሚገኘው መኪና ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው መቀመጫው በአንድ ልክ ላይ ታስሮ የሚሠራ ነው። ሁለተኛው ግን ሞተሩ በሁለት ዐምዶች ላይ ተቀምጦ፣ ዐምዶቹም ሞላ ስላላቸው፣ ሲጫኑት ወደ እንጨቱ የሚወርድ፣ ሲለቁት ወደ ላይ የሚመለስ ነው። ለቤት ሥራ ብዙ ሰው የሚመርጠው ይህን ሁለተኛውን ስለ ሆነ፣ አስቀድመን የምንናገረው ስለ እርሱ ነው።

አሁን ጥልቀት ሲሳሳት ምን እንደሚደርስ እንመልከት። በቤት ውስጥ ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚፈተነው በበር ማጠፊያ ላይ ነው። የማጠፊያው አንዱ ክንፍ በሳንቃው ጠርዝ፣ ሁለተኛው ክንፍ በመቃኑ ላይ ይገባል። ለእያንዳንዱ ክንፍ የሚቦረቦረው ማደሪያ ጥልቀት ከክንፉ ውፍረት ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ይህም ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው። ማደሪያው ከልኩ በላይ የጠለቀ እንደ ሆነ፣ በሩ ሳይዘጋ የሳንቃው ጠርዝ ከመቃኑ ጋር ይጋፋል፤ በኀይል ሲገፉትም ብሎኖቹ ቀስ በቀስ ይነቀላሉ። ከልኩ በታች የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ፣ በማጠፊያው በኩል ሰፊ ክፍተት ይታያል፤ ሳንቃውም ወደ ቍልፉ ወገን ተገፍቶ መቃኑን ይፍቃል። በሳንቃው 1 ሚሊ ሜትር፣ በመቃኑም 1 ሚሊ ሜትር የተሳሳተ ሰው 2 ሚሊ ሜትር ተሳስቷል፤ በበር ላይ 2 ሚሊ ሜትር ብዙ ነው።

ከምናውቃቸው ሽማግሌዎች አንዱ፣ አባታቸው በጣሪያ ሥር ያደረቁትን የዋንዛ ጣውላ ለብዙ ዓመት ጠብቀው አኑረው ነበር። ሴት ልጃቸው ጎጆ በወጣች ጊዜ ከዚያ ጣውላ በር አሠሩላት። በሩን የሠራው ወጣት እጁ የተባረከ ነበረ፤ ነገር ግን የማጠፊያውን ማደሪያ በዐይኑ ገምቶ ቦረቦረው። ላይኛው ማደሪያ ጠለቀ፤ ታችኛው ሳሳ። ሳንቃው አጋደለ፤ ሙሽራይቱም በገባች በሳምንቱ በሩን በትከሻዋ እየገፋች ትዘጋ ጀመር። ሽማግሌው ሲናገሩ፣ ያሳዘናቸው የገንዘቡ ነገር አልነበረም፤ እንዲህ ያለው ጣውላ ዳግመኛ ከገበያ የሚገዛ አለመሆኑ ነው። ወጣቱም ይህን በሰማ ጊዜ አላመካኘም፤ ተመልሶ መጥቶ ከዚያው ከዋንዛው ቍራጭ ስስ ልባጭ አውጥቶ በጠለቀው ማደሪያ ውስጥ በኮላ አጣብቆ፣ የሳሳውንም በመሮ አስተካክሎ በሩን አቃናው። ግማሽ ቀን የፈጀበት ይህ ሥራ አስቀድሞ ቢለካ ኖሮ በጥቂት ደቂቃ የሚያልቅ ነበር። የቸኰለች አፍስሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ የመለካቱን ሥርዐት በተራ እንናገራለን።

1ኛ፤ መኪናው ከኤሌክትሪክ ይነቀል። ማጥፊያውን መዝጋት ብቻ አይበቃም፤ ገመዱ ራሱ ከሶኬቱ ወጥቶ በዐይን በሚታይ ስፍራ ይቀመጥ። መቍረጫውን የሚነካ እጅ ሁሉ ይህን ሳያደርግ ሊነካው አይገባም።

2ኛ፤ መቍረጫው በሚገባ ይታሰር። የመቍረጫው እግር ነክሶ በሚይዘው አፍ ውስጥ እስከ መጨረሻው ገብቶ፣ ከዚያ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ተስቦ ይጠበቅ። አፉ ሲጠብቅ እግሩን ጥቂት ወደ ውስጥ ይስባልና፣ ታች ነክቶ የተቀመጠ መቍረጫ የታሰረ መስሎ ሳይታሰር ይቀራል። ደግሞም የእግሩና የአፉ ስፋት አንድ መሆን አለበት። 6 ሚሊ ሜትር የሆነ እግር የሩብ ኢንች አፍ ባለው መኪና ውስጥ ይገባል፤ ነገር ግን ሩብ ኢንች ከ6 ሚሊ ሜትር ጥቂት ስለሚበልጥ በደንብ አይያዝም። እንዲህ ያለው መቍረጫ በሥራ መካከል እየተንሸራተተ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሠራተኛውም ልኩን ሳይነካ ቦዩ እየጠለቀ ይሄድበታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

3ኛ፤ መነሻው ይገኝ። መኪናው ለጥ ባለና ንጹሕ በሆነ ሰሌዳ ላይ ይቀመጥ። ከዚያ የመቍረጫው ጫፍ ሰሌዳውን እስኪነካ ድረስ ብቻ በቀስታ ወደ ታች ይጫንና በመቈለፊያው ይቈለፍ። ይህ ስፍራ ዜሮ ነው። የጥልቀት ልክ ሁሉ የሚቈጠረው ከዚህ ስለ ሆነ፣ መነሻውን ያልያዘ ሰው ቍጥሩን ቢያውቀውም አይጠቅመውም።

4ኛ፤ የልኩ ዘንግ ይወሰን። በመኪናው ጐን ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀስ ዘንግ አለ፤ ከዘንጉም በታች የሚዞር ባለ ደረጃ መቆሚያ አለ። ዘንጉን ከደረጃዎቹ ዝቅተኛው ላይ አሳርፎ፣ ጠቋሚውን በዜሮ ላይ አድርጎ፣ ከዚያ የሚፈለገውን ያህል ሚሊ ሜትር ዘንጉን ከፍ አድርጎ ማጥበቅ ነው። መቈለፊያው ሲለቀቅ ሞተሩ ወደ ላይ ይመለሳል፤ ሲጫኑት ግን ዘንጉ ደረጃውን እስኪነካ ድረስ ይወርዳል እንጂ ከዚያ አያልፍም።

ስለ ማጠፊያ ከሆነ ግን ከቍጥር የሚሻል ዘዴ አለ። መነሻው ከተያዘ በኋላ፣ የማጠፊያውን ክንፍ ራሱን በዝቅተኛው ደረጃ ላይ ማስቀመጥና ዘንጉን በክንፉ ላይ አሳርፎ ማጥበቅ ነው። ክብ የሆነው መጋጠሚያው ከደረጃው ውጭ ይሁን፤ በመካከል የሚገባው ጠፍጣፋው ክንፍ ብቻ ነው። ከዚያ ክንፉ ሲወጣ፣ በዘንጉና በደረጃው መካከል የቀረው ክፍተት ከክንፉ ውፍረት ጋር ፍጹም እኩል ይሆናል። ክንፉ 2 ሚሊ ሜትር ከግማሽ ይሁን፣ 3 ሚሊ ሜትር ይሁን፣ ማንም ሊያነበው አያስፈልግም፤ ዕቃው ራሱን በራሱ ለክቷል። የዐይን ብርሃናቸው ለደከመ ሰዎች ደቃቁን ቍጥር ከማንበብ ስለሚያድን ይህ ዘዴ እጅግ የተመሰገነ ነው።

መቀመጫው በታሰረው በፊተኛው ዐይነት መኪና ላይ ደግሞ እንዲህ ይደረጋል። ውፍረታቸው ከሚፈለገው ጥልቀት ጋር እኩል የሆኑ ሁለት ስስ ሰሌዳዎች በመቀመጫው ግራና ቀኝ ሥር ይግቡ። መቍረጫው በመካከላቸው የሥራ ጠረጴዛውን እስኪነካ ድረስ ይውረድ፤ ከዚያ መቀመጫው ይጠበቅ። ሰሌዳዎቹ ሲወጡ መቍረጫው ከመቀመጫው በታች የወጣው በእነርሱ ውፍረት ልክ ነው።

5ኛ፤ በውዳቂ እንጨት ይፈተን። ከዋናው ሥራ አስቀድሞ፣ ከዚያው ከእንጨቱ ዐይነት በተረፈ ቍራጭ ላይ አንድ ጊዜ ተቦርቡሮ፣ ጥልቀቱ በካሊፐር ጅራት ይለካ፤ ማጠፊያ ከሆነ ክንፉ ገብቶ ጣት ይለፍበት። ጣት ካልተሰናከለ ልኩ ደርሷል። ይህን ሙከራ እንደ ጊዜ ማባከን የሚቈጥር ሰው አለ፤ ለእኛ ግን የዋንዛው ዋስ የውዳቂው ቍራጭ ነው።

ልኩ ከተወሰነ በኋላ ሁለተኛው ነገር ትዕግሥት ነው። የማጠፊያ ማደሪያ ስስ ስለ ሆነ በአንድ ጊዜ ሊወጣ ይችላል። ጥልቅ ቦይ ግን በአንድ ጊዜ አይቈረጥም። ለምሳሌ ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር በሆነ ጣውላ ላይ መደርደሪያ የሚገባበት ቦይ ብዙውን ጊዜ የውፍረቱን ሢሶ፣ ማለት 6 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህን በ3 በ3 ሚሊ ሜትር በሁለት ጊዜ ማውጣት መልካም ነው። የባለ ደረጃው መቆሚያ ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል፤ የመጨረሻው ልክ በዝቅተኛው ደረጃ ላይ ከተወሰነ በኋላ፣ ሥራው ከፍ ካለው ደረጃ ተጀምሮ፣ መቆሚያውን እያዞሩ ወደ ዝቅተኛው መውረድ ነው። እንደ ወይራ ያለ ጠንካራ እንጨት ሲሆን ከዚህም ያነሰ እየተቈረጠ ይሄዳል። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል።

በአንድ ጊዜ ብዙ ለመቍረጥ የሚሞክር ሰው ምልክቱን ወዲያው ያገኘዋል። የሞተሩ ድምፅ ይከብዳል፤ መቍረጫው ይሞቃል፤ እንጨቱም ጠቍሮ የጭስ ሽታ ይሸታል። ይህ መኪና በደቂቃ ከ10,000 እስከ 30,000 ጊዜ የሚዞር ስለ ሆነ፣ የተጨነቀ መቍረጫ ሊሰበርና ሊፈናጠር ይችላል። መቍረጫው እየሰፋ በሄደ መጠንም ፍጥነቱ ዝቅ መደረግ አለበት። የአካሄዱም አቅጣጫ ይጠበቅ፤ የሚቈረጠው ጠርዝ ወደ ሠራተኛው የዞረ እንደ ሆነ፣ መኪናው ከግራ ወደ ቀኝ ይገፋ። በዚህ አካሄድ እንጨቱ መቍረጫውን ይቃወመዋል፤ መኪናውም በእጅ ሥር ይሆናል። በተቃራኒው የገፋው ሰው ግን መኪናው ከእጁ አምልጦ ሊሮጥበት ይችላል።

ልኩ በትክክል ከተወሰነ በኋላም የሚያሳስቱ ነገሮች አሉ። በመቀመጫው ሥር ሰጋቱራ የተከማቸ እንደ ሆነ መኪናው ከፍ ይልና ቦዩ ይሳሳል፤ ስለዚህ በየጊዜው መጥረግ ይገባል። ጣውላው የጐበጠ እንደ ሆነ መቀመጫው በጕብጠቱ ላይ እየተወዛወዘ ጥልቀቱ ይለዋወጣል፤ አስቀድሞ መላግ ወይም በሞርሳ ጨብጦ ማቃናት ያስፈልጋል። በቀጭን ጠርዝ ላይ ሲሠራም መኪናው እንዳያጋድል፣ ከጠርዙ ጋር የተስተካከለ ሌላ ጣውላ በጐኑ ማሰርና መቀመጫውን ማስፋት ይረዳል። የዘንጉ ማጥበቂያም በመኪናው መንቀጥቀጥ ይላላልና በመካከል መፈተሽ አይከፋም።

ይህ ሁሉ ተጠንቅቆ ከልክ ያለፈ ጥልቀት የተገኘ እንደ ሆነ፣ «አንድ ጊዜ ካፈርሁ አይመልሰኝ» ብሎ በሌላውም ማደሪያ ላይ ያንኑ ስሕተት መድገም አይገባም። ለማጠፊያ ማደሪያ ከዚያው እንጨት የወጣ ስስ ልባጭ በኮላ ይለጠፍበት፤ ጕድለቱ የወረቀት ውፍረት ያህል ብቻ ከሆነ ከክንፉ ሥር ጠንካራ ካርቶን ማድረግ ይበቃል። ለመደርደሪያ ቦይ ደግሞ ከታቹ ስስ ንጣፍ ማስገባት ይቻላል። ነገር ግን ጥገና ሁሉ ከመጀመሪያው ሥራ የበለጠ ጊዜና ብልኀት እንደሚጠይቅ መዘንጋት አይገባም።

የቤተ ሰብ ዓምድ ነውና ስለ ቤተ ሰብም ጥቂት እንናገር። መኪናው በሚሠራበት ጊዜ ዐይን በመነጽር፣ ጆሮም በመሸፈኛ ይጠበቅ፤ የእንጨቱ ብናኝ ለሳንባ ጐጂ ስለ ሆነ አፍንጫና አፍ ይሸፈኑ፤ መስኮትም ይከፈት። የሚንጠለጠል ነጠላና ሰፊ እጅጌ በአጠገቡ አይሁን። ሕፃናት ከሥራው ስፍራ ይራቁ፤ ሥራው ሲያበቃም መቍረጫው ወጥቶ ከመኪናው ተለይቶ ይቀመጥ።

ለዐቅመ ትምህርት የደረሰ ልጅ ግን ፈጽሞ ሊርቅ አይገባውም። ገመዱ ተነቅሎ ልኩ በሚወሰንበት ጊዜ በአባቱ አጠገብ ይቁም፤ መነሻውን እርሱ ይፈልግ፤ ክንፉን በደረጃው ላይ እርሱ ያስቀምጥ፤ በውዳቂው እንጨት ላይም ጣቱን እርሱ ያሳልፍ። ኤሌክትሪኩ ሲገባ ወደ ኋላ ይበል። ከሥራው ሁሉ አደጋ የሌለበትና ዕውቀት የበዛበት ክፍል ይህ መለካት ነው። ብዙ አባቶች ግን የመለካቱን ክፍል ቸኵለው በገዛ እጃቸው ይፈጽሙና ልጁን የሚጠሩት መኪናው ሲጮኽ ነው፤ ልጁም ከሥራው የሚማረው ጩኸቱን ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ በቤታቸው ይህን መኪና ያኖሩ አንባቢዎቻችን ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ያለ ልማድ እንዲያወጡ እንመክራለን፤ ልኩ ሳይወሰንና በውዳቂ ሳይፈተን ገመዱ ወደ ሶኬት አይግባ። የሚያሠሩ ሰዎችም ሠራተኛውን በዋጋ ከመከራከር አስቀድመው ጥልቀቱን በምን እንደሚለካ ይጠይቁት። ዘንጉንና የማጠፊያውን ክንፍ ያሳየ እንደ ሆነ ሥራውን በእምነት ይስጡት፤ «ዐይኔ ይበቃኛል» ያለ እንደ ሆነ ግን ጣውላቸውን ወደ ጣሪያው ሥር ይመልሱት።